ሲፒዩው ሳይሸጥ ዲስኩ ይውጣ

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቋረጠ። ወደ ዊንዶውስ 11 እሻገራለሁ ያለ ሰው ማሽኑ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ሊኖረው፣ ፕሮሰሰሩም በጥቅሉ እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ወዲህ ከወጡት መሆን አለበት። ካናሊስ የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት ገና እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ፣ በዚህ ውሳኔ ሰበብ በዓለም ዙሪያ 240 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች ቆሻሻ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገምቶ ነበር። አብዛኞቹ ጠዋት ሲከፍቷቸው የሚነሡ፣ ደብዳቤ የሚጽፉ፣ ደመወዝ የሚደምሩ ደህና ማሽኖች ናቸው። አላረጁም፤ አረጃችሁ ተባሉ።

በእኛ ከተማ ኮምፒውተር ተሸክሞ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ የሚወረውር ሰው ብዙ አይታይም። ዕቃ መጣል ይከብደናል። አሮጌው ዴስክቶፕ በጨርቅ ተሸፍኖ ቁም ሳጥን አናት ላይ ይወጣል፤ ላፕቶፑ ከነቻርጀሩ በፌስታል ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ይገባል። «አንድ ቀን ይጠቅማል» እንባባላለን። ያ አንድ ቀን ሳይመጣ ቤት ስንቀይር ወይም የበዓል ጽዳት ሲደርስ ቆራሌው ይጠራና ሁሉም ባንድነት ይሄዳል። እኔ እንደሚመስለኝ ጥፋታችን ሳንለይ ማስቀመጣችንና ሳንለይ መሸጣችን ላይ ነው። አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ለሌላ ሰው ገና የሚጠቅም ዕቃ አለ፤ የእኛን ጉዳይ የሚያውቅ ዲስክ አለ፤ ማንም የማይገዛው መርዝም አለ። ሦስቱ በአንድ ሳጥን ቢታሸጉም መንገዳቸው አንድ አይደለም፣ የሚሰጡን ጊዜም እኩል አይደለም።

ከጠቃሚው እንነሣ፤ ጊዜው አጭር እሱ ነውና። አምስት ዓመት ያገለገለ ላፕቶፕ ዛሬ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትልቅ ነገር ነው። ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ ቢተካ፣ ራሙ ወደ 8 ጊጋባይት ቢያድግ፣ ዊንዶውስ 11 እምቢ ካለውም እንደ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ያለ የሊኑክስ ሲስተም ቢጫንበት ለጥቂት ዓመታት በደንብ ይሠራል። ያው ላፕቶፕ አምስት ዓመት አልጋ ሥር ከተኛ በኋላ ግን ሌላ ዕቃ ነው። ሊቲየም ባትሪ ባዶውን ለዓመታት ሲቀመጥ ከውስጥ ይበላሻል፤ አንዳንዱ ያብጥና የኪቦርዱን ሰሌዳ ወደ ላይ ይገፋዋል። ያበጠ ባትሪ እንደገና ቻርጅ አይደረግም፣ አይወጋም፣ አይጫንም፤ እሳት ነው። ራሙም ቢሆን ዘመኑ ካለፈ በአዲስ ማዘርቦርድ ላይ አይገባም። ለክፉ ቀን ብለን ያስቀመጥነው ዕቃ ክፉው ቀን ሳይደርስ ዋጋው አልቆ ይጠብቀናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ሊኑክስ ጫኑ ማለት ቀላል ነው፤ የኛ ጽሕፈት ሥራ ግን ለብዙ ዓመታት የኖረው በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ላይ ነው። በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ የላቲን ዝባዝንኬ ይሆናል። ስለዚህ አሮጌውን ማሽን ከማሰናበት በፊት ፋይሉን በፍላሽ መገልበጥ ብቻ አይበቃም። ፎንቱ ባለበት በዚያው ማሽን ላይ ከፍቶ ወደ ፒዲኤፍ መለወጥ፣ ከተቻለም በዩኒኮድ ማስጻፍ ያስፈልጋል። የዕድር መዝገብ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ፣ ያልታተመ የልብ ወለድ ረቂቅ፤ ይህ ሁሉ በዝባዝንኬ ሊቀር የሚችል ነው። ማሽኑ ከሄደ በኋላ ማን ያነበዋል?

አሁን ወደ መሥሪያ ቤት እንግባ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው መልኩን አይስተውም። ነጭ የነበሩ፣ አሁን ወደ ሻይ ቀለም የዞሩ የሲፒዩ ሳጥኖች ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ሆዳቸው የገፋ ሞኒተሮች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። ኪቦርዶቹ በገመዳቸው እንደ ነጭ ሽንኩርት ጉንጉን ታስረው ምስማር ላይ ተሰቅለዋል። በሁሉም ላይ የንብረት መለያ ቁጥር ተለጥፏል። በገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 የገባ ዕቃ ያለ ወጪ ደረሰኙ ሞዴል 22 በር አያልፍም። ተወግዶ እንዲወጣ ደግሞ «አገልግሎት አይሰጥም» የሚል የባለሙያ ቃል፣ የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ፣ የኃላፊ ፊርማ፣ የመነሻ ዋጋ፣ የጨረታ ማስታወቂያ ይፈለጋል።

ሥርዓቱ የሕዝብ ንብረት እንዳይመዘበር የተበጀ ስለሆነ ልወቅሰው አልፈልግም። ጉድለቱ ኮምፒውተርን ከጠረጴዛ እኩል ማየቱ ነው። ጠረጴዛ ዐሥር ዓመት ቢቀመጥ ጠረጴዛ ነው። ኮምፒውተር ዐሥር ዓመት ሲቀመጥ ለትምህርት ቤት ሊሰጥ ይችል የነበረው ዕቃ በኪሎ የሚመዘን ብረት ይሆናል። ንብረት ክፍል ያለውን ሠራተኛ ደግሞ አስቡት። ያልተወገደ ዕቃ አያስጠይቀውም፤ የጎደለ ዕቃ ግን ኦዲተር ፊት ያቆመዋል። ስለዚህ አይፈርምም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አልፈርምም። እ.ኤ.አ. በ2013 ኦኮ ኢንስቲትዩት የተባለው የጀርመን ተቋም ፓን ኢትዮጵያ ከተባለው ድርጅት ጋር ያወጣው ጥናትም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻችን በብዛት በየግምጃ ቤቱና በየቤቱ ተከማችቶ እንዳለ አመልክቶ ነበር።

በመጨረሻ ጨረታው ይወጣል። አሸናፊው አይሱዙ ይዞ ይመጣል፤ ወዛደሮች ከግምጃ ቤቱ እስከ መኪናው ተሰልፈው ሳጥኑን እየተቀባበሉ ይጭናሉ። ያ ሁሉ ሲጫን ሞዴሉ ላይ የሚጻፈው የሳጥኑ ቁጥር ነው። የሠራተኞች የግል ማኅደር፣ የደመወዝ ዝርዝር፣ የአመልካቾች ስምና ስልክ፣ ከሁሉም በላይ በስካነር የተነሣ የኃላፊ ፊርማና ማኅተም በሳጥኖቹ ውስጥ አብሮ ይጫናል። እነዚህን የሚቆጥር የለም።

ይህ ጭንቀት የፈጠራ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 የኤምአይቲ ተመራማሪዎቹ ሲምሰን ጋርፊንከልና አቢ ሸላት 158 ያገለገሉ ሃርድ ዲስኮች ከገበያ ገዝተው የመረመሩበትን ውጤት አሳተሙ። ከሠሩት 129 ዲስኮች በወጉ የጸዱት 12 ብቻ ነበሩ። ከተቀሩት በአንዳንዶቹ ላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥሮች፣ የሕክምና መረጃዎችና የግል ደብዳቤዎች ተገኙ፤ አንዱ ጭራሽ ከኤቲኤም ማሽን የወጣ ዲስክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ የካናዳው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ጋና፣ ቴማ ከተማ ገበያ ላይ በ40 ዶላር የገዙት ዲስክ የኖርዝሮፕ ግሩማንን ሰነዶች ይዞ ተገኘ። ኖርዝሮፕ ግሩማን የአሜሪካ ጦር መሣሪያ አምራች ነው፤ ሰነዶቹም ከመንግሥት ጋር ያለውን የውል ሥራ የሚመለከቱ ነበሩ።

የሞርጋን ስታንሊው ታሪክ ግን ለእኛ መሥሪያ ቤቶች ይበልጥ ይቀርባል። ይህ ግዙፍ የገንዘብ ተቋም አሮጌ ሰርቨሮቹንና ዲስኮቹን እንዲያስወግድለት የቀጠረው ዳታ የማጥፋት ልምድ የሌለውን የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት ነበር። ዕቃው ለሦስተኛ ወገን ተሸጠ፣ ከዚያም በኢንተርኔት ጨረታ ላይ ወጣ። ዲስክ የገዛ አንድ ባለሙያ የደንበኞቻችሁ መረጃ እጄ ላይ ነው ብሎ ራሱ ጻፈላቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት 35 ሚሊዮን ዶላር ቀጣቸው። ጉዳዩ የነካው ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጋ ደንበኛ ነው። ተረካቢው ማን እንደሆነ ሳይመረምሩ አስረክቦ እጅን ማጠብ እዚያም አላዋጣም።

ከባንክም ከመሥሪያ ቤትም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ፍርድ ቤትና ክፍለ ከተማ በር ላይ የተደረደረው የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የቤት ሽያጭ ውል፣ የፍቺ ማመልከቻ፣ የውርስ ክርክር፣ የፓስፖርት ቅጂ፣ የዲቪ ቅጽ ከነፎቶው፣ ሁሉም የሚጻፈውና የሚታተመው እዚያ ነው። ጸሐፊዋ ነገ እርማት ይኖራል ብላ ሴቭ ታደርገዋለች፤ ደንበኛው ይሄዳል፣ ፋይሉ ይቀራል። እንዲህ ያለው ማሽን ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ ቶሎ ይደክማል፣ ባለቤቱም ቶሎ ይሸጠዋል። ከአንድ ሰፈር ግማሹ ሰው ስሙን፣ አድራሻውንና ፊርማውን ትቶበት የሄደ ዲስክ ለጥገና ቤት በመለዋወጫ ዋጋ ይሸጣል።

«እኔ እኮ አጥፍቼዋለሁ» የሚለው መልስ የማይሠራበት ምክንያት አለ። ፋይል ዴሊት ሲደረግ፣ ሪሳይክል ቢንም ባዶ ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ የሚያደርገው ቦታው ነፃ ነው ብሎ መመዝገብ ነው። ጽሑፉ ሌላ እስኪጻፍበት እዚያው አለ። ኩዊክ ፎርማትም ከዚህ የራቀ ሥራ አይሠራም፤ በነፃ የሚገኝ የፋይል ማውጫ ፕሮግራም ያለው የጥገና ሠራተኛ ብዙውን ይመልሰዋል። ለሃርድ ዲስክ መፍትሔው ከላዩ ላይ መጻፍ ነው። ዲስኩን አውጥቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት፣ በላዩ ያለው እያንዳንዱ ክፍል (ፓርቲሽን) ፎርማት ሲደረግ ደግሞ «ኩዊክ» የሚለውን ምልክት ማንሣት ይበቃል፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ሙሉው ፎርማት ክፍሉን በዜሮ ይሞላዋል። ሰዓታት ይፈጃል፤ ይፍጅ፣ ማታ አስጀምሮ መተኛት ነው። ሰባት ጊዜ ይደጋገም የሚለው ምክር ለዘመኑ ዲስክ የማያስፈልግ ልፋት ነው፤ አንድ ዙር ይበቃዋል።

ኤስኤስዲ ጠባዩ ሌላ ነው። ቺፖቹ እኩል እንዲያረጁ ጽሑፉን ራሱ እያዘዋወረ ስለሚያስቀምጥ ከላዩ ላይ መጻፉ ሁሉንም ቦታ አይደርስም። ለእሱ የሚበጀው የዲስኩ አምራች ያዘጋጀው የማጥፊያ ፕሮግራም ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ማሽኑ ገና አዲስ ሳለ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ መቆለፍ ነው፤ ቁልፉ ሲጠፋ የተጻፈው ሁሉ ትርጉም የለሽ ይሆናል። አልነሣም ላለ ዲስክ ደግሞ የቀረው ድሪል ነው፤ ኤስኤስዲ ከሆነ እያንዳንዱ ቺፕ ካልተሰበረ ዋጋ የለውም። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ የውስጥ ሳህኑ ብዙ ጊዜ መስታወት ስለሆነ ሲበሳ ይረጫል፣ መነጽር ያስፈልጋል። የፍሪጅ ማግኔት ማሻሸት ለማንም አይረባም።

ማውጣቱ ራሱ ከሚያስፈራው በላይ ቀላል ነው። የዴስክቶፑ ጎን ከጀርባ በሁለት ስክሩ የታሰረ ነው፤ በካቻቢቴ ፈትቶ ወደ ኋላ መሳብ። ከፊት በኩል የእጅ መዳፍ የሚያህል ከበድ ያለ ብረት ይታያል፤ አንድ ቀጭን ገመድና አንድ ሰፊ የኃይል ገመድ ገብቶበታል። ሁለቱን መንቀል፣ ጎንና ጎን ያሉትን አራት ስክሩዎች መፍታት፣ መሳብ። ዲስክ የሌለው ሲፒዩ ዋጋው ትንሽ ይቀንሳል፤ ሻጩም የሚያመነታው እዚህ ላይ ነው። ልዩነቱ ግን አንድ ሰው በስማችሁ የውሸት ውክልና ቢያዘጋጅ ለጠበቃ ከምትከፍሉት ጋር አይወዳደርም። መሥሪያ ቤቶችም ቢሆኑ በአወጋገድ ቅጻቸው ላይ የዲስኩን መለያ ቁጥርና ምን እንደተደረገ የሚያሳይ አንድ ዓምድ ቢጨምሩ፣ ኮሚቴውም ዲስኩ በድሪል ሲበሳ ቆሞ አይቶ ቢፈርም፣ የሚያስወጣቸው ግማሽ ቀን ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ የያዘ ተቋም የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ግዴታው ማሽኑ በአይሱዙ ሲጫን አብሮ አይጫንም።

ሦስተኛው መርዙ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጽሑፍ ቆራሌውን ይከሳል፤ እኔ አልስማማም። ከደጃችን ድረስ መጥቶ፣ ከፍሎ፣ በትከሻው ተሸክሞ የሚወስድ፣ በየመንደሩ የሚደርስ ሌላ የአሰባሰብ ሥርዓት አላቆምንም። ከእሱ እጅ ወደ መርካቶው ምናለሽ ተራ የሚደርሰው ብረት፣ አሉሚኒየምና መዳብ በአብዛኛው ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላል። ጉዱ ያለው እሱ በማይገዛውና በሚጥለው ላይ ነው።

የድሮውን ባለ ሆድ ሞኒተር ውሰዱ። ቆራሌው የሚፈልገው ከመስታወቱ አንገት ላይ የተጠመጠመውን የመዳብ ጥቅልል ነው። ፕላስቲኩን በድንጋይ ይሰብራል፣ አንገቱን በመዶሻ ነካ ያደርጋል፤ ባዶ የነበረው ቱቦ አየር ሲስብ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ያሰማና ዝም ይላል። ጥቅልሉን በእጁ አውልቆ ጆንያው ውስጥ ይጨምራል። መስታወቱ ቦይ ዳር ይቀራል። ያ መስታወት ከጨረር እንዲከላከል ሲባል እርሳስ ተቀላቅሎበታል፤ በአንድ ሞኒተር ውስጥ በኪሎ የሚቆጠር እርሳስ ሊኖር ይችላል። የውስጥ ገጹ ላይ ያለው ዱቄትም በእጅ የሚነካ፣ በአፍንጫ የሚሳብ አይደለም። የዩፒኤስ ባትሪ ሲሆን ደግሞ እርሳሱ ዋጋ አለው፣ አሲዱ የለውም፤ ስለዚህ አሲዱ መሬት ላይ ይፈስሳል። ገመድ ሲሆን መዳቡ ዋጋ አለው፣ ላስቲኩ የለውም፤ ስለዚህ ይቃጠላል፣ ጭሱም ዳዮክሲን የተባለውን መርዝ ይዞ ይወጣል። የቆዩ ጠፍጣፋ ስክሪኖች ከጀርባቸው ሜርኩሪ ያለባቸው ቀጫጭን መብራቶች ነበሯቸው፤ ሲሰበሩ ማንም ልብ አይልም።

ማዘርቦርዱ ወርቅ አለው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ እውነት ነው። ከአንድ ቶን የሰርኪዩት ቦርድ 200 ግራምና ከዚያም በላይ ወርቅ ሊገኝ ይችላል፤ ከማዕድን ማውጫ የሚቆፈር አንድ ቶን ድንጋይ ብዙ ጊዜ 5 ግራም እንኳ አይሰጥም። ሆኖም በጓሮ በአሲድ ማውጣት ጥቂቱን ወርቅ አግኝቶ ቀሪውን ብረት ከነአሲዱ ወደ ቦይ መልቀቅ ነው። ወርቁን፣ ብሩንና መዳቡን በወጉ የሚለዩ ማቅለጫዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው፤ ከታወቁት አንዱ ቤልጅየም፣ ሆቦከን የሚገኘው የኡሚኮር ፋብሪካ ነው። ቦርዱ ሳይሰበር ተሰብስቦ፣ ፈቃድ ወጥቶለት፣ በኮንቴይነር ወደዚያ ቢሄድ የውጭ ምንዛሪ ነው። በአቃቂ ቃሊቲ የተቋቋመው የኮምፒውተር ማደሻና መፍቻ ማዕከልም በዚህ ሐሳብ የተነሣ ነበር፤ የሚጠገነውን ጠግኖ፣ የማይጠገነውን በእጅ ፈትቶ በየዓይነቱ መለየት።

ሕግ አላጣንም። አደገኛ ቆሻሻ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ የሚከለክለው የባማኮ ስምምነት በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 355 ጸድቋል፤ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425 በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል። የጎደለው ማንም ለማይገዛው ነገር የሚከፍል ኪስ ነው። መስታወቱን ከቆራሌው በኪሎ የሚገዛ ሰው ቢኖር አንዱም ቦይ ዳር አይቀርም ነበር፤ እሱ ሚዛን ካለ ዕቃ አይጥልም። ጋና እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ ኤሌክትሮኒክስ አስመጪው ገና ሲያስገባ የማስወገጃ ቀረጥ እንዲከፍል አድርጋለች። እኛም አዲስ ላፕቶፕ ስንገዛ ለቀብሩ የሚሆን ጥቂት ብር አብረን ብንከፍል ኖሮ ጥያቄው ግማሽ መልስ ያገኝ ነበር። ሌላው ዓለምም ቢሆን አልተወጣውም። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም ካመነጨው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በወጉ ተሰብስቦ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው።

በውጭ ለሚኖሩ ወገኖቻችንም አንድ ቃል። በተማሩበት ትምህርት ቤት ስም ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ሰብስቦ በኮንቴይነር መላክ የቆየ ደግ ልማድ ነው። ዳሩ ግን ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ፣ የአደገኛ ቆሻሻን ድንበር ተሻጋሪ ዝውውር በሚገዛው በባዝል ስምምነት ማናቸውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ፣ አደገኛ ተባለም አልተባለ፣ ያለ ተቀባዩ ሀገር ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። የሚሠራ ዕቃና ቆሻሻ የሚለዩት ደግሞ በፍተሻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ማሽን ተከፍቶ፣ ተፈትሾ፣ የላኪው ዲስክ ጸድቶ፣ አዲስ ሲስተም ተጭኖበት፣ ባትሪውም ሰዓት የሚይዝ መሆኑ ታይቶ ይጫን። ባለ ሆድ ሞኒተር ግን በምንም ምክንያት አይላክ፤ እዚያው ለመውሰድ ፈቃደኛ የሆነ ድርጅት ይፈለግለት። እዚህ የደረሰው ላፕቶፕ ሣጥኑ ተከፍቶ ርእሰ መምህሩ ፊት ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው የፕሮሰሰሩ ትውልድ አይሆንም፤ ቻርጀሩ ነው። ቻርጀሩ ከነገመዱ በየላፕቶፑ ላይ በፕላስተር ታስሮ ይላክ።